አዋላጇን ያልጠየቀው ዘገባ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ምዘና ፈተና ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ በኋላም ያናደደኝ ድካሙ እንዳይሆን ብዬ እንቅልፌን ከጠገብኩ በኋላ ነው። ድካሙ አልነበረም። የኮሌጅ ኃላፊዎችንና የተፈታኞችን አስተያየት በሰፊው ያስነበበው ይህ ዘገባ የተግባር ልምምድን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አልፎታል። ተማሪዎች በሆስፒታል ቆይታቸው ሥራ ሲሠራ እንደሚመለከቱ፣ አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ ግን ከምረቃ በኋላ በልምድ የሚመጣ በመሆኑ በምዘና ሊያዝ እንደማይችል ይነግረናል። የምጽፈው ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

በመሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አዋላጅ ሆኜ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ የሚላኩልንን ተማሪዎች ከጎኔ አቁሜ አስተምራለሁ፤ ለዚህ የሚከፈለኝ ነገር የለም፣ በሥራ መደቤም ላይ አልተጻፈም። ዘጋቢያችሁ ተማሪዎቹ ይመለከታሉ ሲል የሚመለከቱት ማንን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልፈለገም።

ማመዛዘን የምለውን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ላለባት እናት መንቀጥቀጡን ለመከላከል ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ፣ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑ፣ ጉልበቷ ሲመታ የሚመልስ መሆኑና ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መውጣቱ ይረጋገጣል። መድኃኒቱ ከተጠራቀመ መጀመሪያ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሿ ይቆማል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። የጽሑፍ ፈተናው ይህን ማርከሻ ሲጠይቅ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባሉ።

አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው እንበል። በቻርቱ ላይ የሐኪሙ ትእዛዝ ተጽፏል፣ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ሰዓት ደርሷል፣ የእናቲቱ ጉልበት ግን ሲመታ አይመልስም፣ የሽንት ከረጢቱም ከምሽት ጀምሮ እምብዛም አልጨመረም። መርፌውን የያዘችው ተማሪ «ሲስተር፣ ይህን መስጠት የለብንም» ትላለች ወይስ ታዟል ብላ ትወጋለች? ተረኛውን ሐኪም ለመቀስቀስ ትደፍራለች ወይስ ቁጣውን ፈርታ እስኪነጋ ትጠብቃለች? እኔ ተማሪን የምመዝነው እዚህ ላይ ነው። ለምን እንዳቆመች፣ ምን ብታይ ሐሳቧን እንደምትቀይር እጠይቃታለሁ፤ እርዳታ ለመጥራት ምን ያህል እንደዘገየችም እይዛለሁ። ይህ ምዘና ካልሆነ ምዘና ምን እንደሆነ ዘጋቢው ያስረዳኝ።

ጆርጅ ሚለር የተባሉት አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ብቃትን በአራት ደረጃ አስቀምጠውታል፤ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየትና በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ መፈጸም። የምርጫ ጥያቄ ከሁለተኛው ደረጃ አያልፍም። ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞረ በፈታኝ ፊት የሚሠራበት፣ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁትና ለኮሌጆቻችንም እንግዳ ያልሆነው ኦስኪ የተባለው የተግባር ፈተና ሦስተኛውን ደረጃ ይነካል። እዚያ ግን ተማሪዋ እየታየች መሆኑን ታውቃለች። ማንም አያየኝም ብላ የምታደርገውን የሚያየው ተረኛው አዋላጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የሽንቱን መጠን ሳትለካ በቅጹ ላይ 30፣ 30፣ 30 ብላ ስትሞላ አገኘኋት። የተግባር ልምምዷ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ ሎግ ቡኳን፣ አልፈርምም ብዬ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፌ ለኮሌጇ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልጅቷን በሥራ ላይ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይቷት የማያውቅ መምህር መጥቶ በሌላ ፈረቃ ላይ ያለችን ባልደረባዬን አስፈርሞ ሄደ። ያቺ ገጼ የት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የተነገራት በቅጹ ላይ ባዶ ሣጥን እንዳይቀር ነው፤ «አልለካሁም» ማለት ነውር እንዳልሆነ ግን ማንም አልነገራትም ነበር። የምወቅሰው ፊርማዬን ሲፈልግ የሚያውቀኝ፣ ምስክርነቴን ስሰጥ ግን የማይሰማኝን አሠራር ነው።

ዘገባችሁ መፍትሔው ፈተናውን ማክበድና ጥያቄዎቹን ማብዛት ነው ብሎ ደምድሟል። እስቲ ንገሩኝ፣ ያቺን ልጅ የትኛው ጥያቄ ይይዛት ነበር? 30 ብላ የሞላችው እኮ መልሱን ስለምታውቅ ነው።

ስለዚህ በቀጣዩ እትማችሁ ማረሚያ እንድታወጡና በማዋለጃ ክፍሎች ያሉ አዋላጆችንም እንድትጠይቁ አሳስባለሁ። ዘጋቢያችሁ ከፈለገ ተረኛ በምሆንበት ሌሊት ይምጣ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ግን እመክረዋለሁ።

አዋላጅ ነርስ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ