ነጭ ባሕር ዛፍና ሎሚ ሽታውን ለየብቻ አንጥሩ

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን ለዘይት ማንጠሪያ የሁለቱ ባሕር ዛፎች፣ የነጩና ሎሚ ሎሚ የሚሸተው፣ ቅጠል ተደባልቆ እየመጣ ስለሆነ ይህን ጽፈናል። የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ይዘቱ ሲኒዮል የሚባለው አፍንጫን የሚያቀዘቅዝ ንጥረ ነገር ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል ሊኖረው ይገባል። የሎሚ ሽታው ዘይት ግን አብዛኛው ሲትሮኔላል፣ ማለትም የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ ነው፤ ለሳሙናና ለሽቶ ይሄዳል። ሲቀላቀሉ ለሁለቱም ገበያ አይሆኑም። ከተጠራጠራችሁ ቅጠሉን በጣታችሁ ፈትጋችሁ አሽትቱ፤ አንዱ አፍንጫን ሰርስሮ ያቀዘቅዛል፣ ሌላው ሎሚ ሎሚ ይላል።

ከ100 ኪሎ እርጥብ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል አንድ ኪሎ ገደማ ዘይት ጠብቁ። ቅጠሉ በማንጠሪያው ውስጥ ከውኃው በላይ ባለው ወንፊት ላይ ይቀመጥ፤ ወርዶ የጋለውን የማንጠሪያውን ወለል ከነካ ያርና ዘይቱ የጭስ ሽታ ይይዛል። እፍን አድርጋችሁ አትጠቅጥቁ፤ እንፋሎቱ አንድ ቀዳዳ ፈልጎ ያመልጥና ግማሹ ቅጠል ዘይቱን እንደያዘ ይቀራል። እንፋሎቱን ወደ ፈሳሽ ከሚመልሰው ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ለእጅ ከሞቀ ወደ ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ፤ ሲሞቅ የሚተነው ዘይታችሁ ነው።

ሲኒዮልም ሲትሮኔላልም ከውኃ ስለሚቀሉ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ቀድታችሁ፣ የቀረችውን ውኃ ጠብታ ሳይቀር ለይታችሁ፣ ጥቁር ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ። በተለይ ሲትሮኔላል አየር ካገኘ ቶሎ ይበላሻል። ተራ ፕላስቲክ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ዘይቱ ያለሰልሰዋል። ከሕፃናትም አርቁት፤ ጥቂት ቢውጡ እንኳ ይመርዛል።