ስንት ተማሪ ይበቃል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ኮሌጆች ተማሪ እያበዙ ስለ መስፋፋታቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ማደግ ማለት ግን የግድ ተማሪ ማብዛት ነው እንዴ? ካሊፎርኒያ ያለውን ቶማስ አኳይነስ ኮሌጅ እዩት። ይህ የካቶሊክ ኮሌጅ በ1971 እ.ኤ.አ. በ33 ተማሪዎች ጀመረ። የካሊፎርኒያው ግቢ ወደ 400 ተማሪ ሲጠጋ በቃኝ አለ። ትምህርቱ በጠረጴዛ ዙሪያ ውይይት ነው፤ ሰው ከበዛ ጨዋታው ይበላሻል። ግቢውን ከመለጠጥ ይልቅ በ2019 እ.ኤ.አ. በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በማሳቹሴትስ ሁለተኛ ግቢ ከፈተ። ያውም በስጦታ ባገኘው የቀድሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ!

ከመንግሥትም ሆነ ከቤተ ክርስቲያን የሥራ ማስኬጃ ድጎማ አይወስድም። ተማሪ ከሚከፍለው የጎደለውን ለጋሾች ይሞላሉ። (በየዓመቱ እጅ መዘርጋት ቀላል እንዳይመስላችሁ።) ለጋሽ ፊት ሲቀርብ ግን ስንት ተማሪ እንደሚበቃው ልኩን ያውቃል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

በሚቀጥለው እትም የኮሌጅ ኃላፊዎችን «ስንት ተማሪ ይበቃችኋል?» ብላችሁ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ