ፖታሲየም ለምን በረታ፣ አዮዲን ለምን ደከመ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን፤ የጅማ ዝናብ ስላላቋረጠ ግን ያሰጣችው ቡና እስካሁን አልደረቀላትም።

በንጥረ ነገሮች ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ 1ኛ ግሩፕ (ዓምድ) ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ከሌላ ጋር የመዋሃድ ኃይለኝነት ሲጨምር፣ በ17ኛው ደግሞ እንደሚቀንስ፣ ሁለቱም እየተምታቱ እንዳስቸገሩሽ ጽፈሽልኛል። የተምታታብሽ እንደ ሁለት ሕግ ስለ ሸመደድሻቸው ይመስለኛል፤ ምክንያታቸው ግን አንድ ነው።

የ1ኛው ግሩፕ ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ቤተሰብ የሆኑት በዳር ምሕዋራቸው (ኤሌክትሮኖች በሚገኙበት የውጭው ደርብ) ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላላቸው ነው፤ ከሌላ ጋር ሲዋሃዱም ያችኑ ይሰጣሉ። የሊቲየም ምሕዋሮች ብዛት 2፣ የሶዲየም 3፣ የፖታሲየም 4 ስለሆነ፣ የዳሯ ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ (ከአቶሙ እምብርት) እየራቀች፣ በመካከል ያሉትም እየጋረዷት መያዣዋ ይላላል። በጋዝ መልክ ካለ አንድ ሞል (የአቶሞች ብዛት መለኪያ) አቶም እሷን ለመንጠቅ ለሊቲየም 520 ኪሎጁል ሲያስፈልግ፣ ለሶዲየም 496፣ ለፖታሲየም 419 ይበቃል። በውኃ ላይ ሊቲየም እየተንፈቀፈቀ ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ሶዲየም ቀልጦና ተድቦልቡሎ ይሯሯጣል፤ ፖታሲየም ወዲያው በሐምራዊ ነበልባል ይነዳል።

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ሶዲየም ከላምባ ውስጥ አውጥቼ በቢላዋ ቆረጥሁ። እንደ ረጋ ቅቤ ይቆረጣል፤ ፊቱም እንደ ብር ካበራ በኋላ ዓይንሽ እያየ ይደበዝዛል። የምስር ፍሬ ያህል ማድረግ ሲገባኝ የባቄላ ፍሬ ያህል ብጨምር፣ ፈንድቶ የመስታወቱን ገንዳ ሰነጠቀው። ማንም አልተጎዳም፤ ተማሪዎቹ ግን «ፖታሲየሙንም ያሳዩን!» ብለው ስላስጨነቁኝ ጠርሙሱን ቆልፌበት ወጣሁ።

የዚህ ቤተሰብ መጠሪያ የሆነው «አልካሊ»፣ የዕፅዋት አመድ ከሚባልበት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። እናትሽ ከምድጃዋ የምትጠርገው አመድም ፖታሲየም አለበት፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኑን አስቀድሞ ሰጥቶ ያረፈ ስለሆነ ድስት ቢፈተግበት አይነድም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ፖታሲየምን በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ ያወጣውም ከሌላ ጋር አስቀድሞ ከተዋሃደበት ውሁድ ነው።

የ17ኛው ግሩፕ ክሎሪንና አዮዲን ግን ተቀባዮች ናቸው፤ በዳራቸው 7 ኤሌክትሮን ይዘው አንድ ይጎድላቸዋል። የሌላውን ለመሳብ ኒውክለሱ ለዳሩ መቅረብ አለበት፤ የክሎሪን ዳር 3ኛው ምሕዋር ሲሆን የአዮዲን 5ኛው ነው። ሰጪውን ያበረታው ርቀት ተቀባዩን አደከመው ማለት ነው። ክሎሪን የሟሟበትን ውኃ ቀለም በሌለው የፖታሲየም አዮዳይድ (አዮዲን የፖታሲየምን ኤሌክትሮን የወሰደበት ውሁድ) ሙሙት ላይ ብታፈሺ፣ ክሎሪኑ የአዮዳይዱን ኤሌክትሮን ስለሚወስድ የተለቀቀው አዮዲን ሙሙቱን ቡናማ ያደርገዋል። አዮዲንን በፖታሲየም ክሎራይድ ላይ ብትጨምሪ ግን አንዳች ለውጥ አይመጣም።

እንግዲህ ሲዚየም ከ1ኛው ግሩፕ ግርጌ አጠገብ፣ ፍሎሪን ከ17ኛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ቢገናኙ ምን እንደሚሆን ደብተርሽን ሳትገልጪ ጻፊልኝ።

አባትሽ፣ ከጅማ