የምስጋና መልእክት፦ 12ኛ ክፍልን ላሻገራችሁኝ ሁሉ

ውጤቱ ወጥቷል። አልፌያለሁ! ለደወላችሁልኝ፣ መልእክት ለላካችሁልኝ ሁሉ በየተራ ልመልስ ብዬ ነበር፤ ብዙ ናችሁና አልቻልኩም። እዚሁ ላመስግናችሁ።

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ታውቁታላችሁ። በተለይ ከግማሽ ዓመቱ ፈተና በኋላ ደብተር ማየት ያስጠላኝን ጊዜ። እሱን አሁን አላወራም።

ከሁሉ በፊት እትዬ፣ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ። ስሜን እንዳትጠሪ ስላሉኝ ነው የተውኩት። ተማሪው ሁሉ ግን ማንን እንደምል ያውቃል።

ያኔ ያየኝ ሁሉ «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይለኝ ነበር። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስሰማው ይበልጥ ይጨንቀኝ ነበር። የቀረው ትንሽ አልነበረማ! እርስዎ እንደዚያ አላሉኝም። የወሩን የጥናት ፕሮግራም ዘርግቼ ሳሳይዎ ዝም ብለው አዩት። ከመሳቢያዎ ግማሽ ወረቀት አወጡና «የዛሬዋን ብቻ ጻፊልኝ» አሉኝ። በእርሳስ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ሁለቱን ሰርዘው መለሱልኝ። የቀረችው «ኢኩሊብሪየም፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች» ትላለች። ሠርቻት ወጣሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ጀምሬ ስጨርስ! የማጥናት ፍላጎቴ የተመለሰው በምክር አይደለም፤ በዚያች ወረቀት ነው። በማግስቱም ሌላ ግማሽ ወረቀት ጠበቀኝ።

ደግሞ መጽሐፍ ስመልስ ያቺ ጥያቄዎ፦ «ዝጊውና ንገሪኝ፣ ምን ይላል?» ፊዚክስ አላውቅም ይሉኛል፤ ሳድበሰብስ ግን ወዲያው ይነቁብኛል። «እዚህ ጋ ዘለልሽ» ይሉና ገጹን ገልጠው ይሰጡኛል። በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ራሱን እየፈተነ፣ የሸመደድነው ነገር በብዛት የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን አሳይቷል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ደጋግሞ ከሚያነብ ይልቅ ዘግቶ ለማስታወስ የሚሞክር ተማሪ ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደሚያስታውስ አገኙ። እርስዎ ይህን ያገኙት ተማሪ ሲያዩ በኖሩበት ወንበር ላይ ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ አንድ ነገር እንደማውቅ በጆሮዬ ስሰማው፣ ነገ ለመምጣት ምክንያት አገኘሁ።

ይቅርታ፣ እዚህ ስደርስ እንባዬ መጣ።

የፈተናው ዋዜማስ? ደብተር ታቅፌ ስመጣ በር ላይ ቆመው «ዛሬ መጽሐፍ የለም፣ ሂጂ ተኚ» አሉኝ። ተናድጄ ሄድኩ። ግን ተኛሁ። ጠዋት ጭንቅላቴ እንዴት ጥርት ብሎ እንደነበረ! አእምሮ የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜም ስለሆነ፣ ያ ሌሊት ከማንኛውም ክለሳ በላይ ጠቅሞኛል። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ስልካችንን አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተን፣ 25 ደቂቃ አጥንተን 5 ደቂቃ ስናርፍ የከረምነው የጥናት ጓደኞቼ፣ እናንተ ባትኖሩ ቅዳሜና እሁድን አልዘልቀውም ነበር። በተለይ እኔ ስቀር ደብተሯን ቤቴ ድረስ ታመጣ የነበረችው፣ አንቺን ማለቴ ነው። መምህሮቻችን በሙሉ፣ አመሰግናለሁ። እማዬ፣ አባዬ፣ ውጤት ሳትጠይቁኝ «በልተሻል?» ብቻ ብላችሁ ስለምታልፉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጥያቄ ወረቀት ያዋሳችሁኝ፣ በመንገድ ላይ አንድ ቀመር ያስረዳችሁኝ፣ ስትጸልዩልኝ የከረማችሁ፣ ሁላችሁንም መጥቀስ አልቻልኩም። ስማችሁ የቀረባችሁ እባካችሁ አትቀየሙኝ፤ ይህን ለጥፌ እንደጨረስኩ አንድ ሰው ትዝ እንደሚለኝ ከአሁኑ አውቀዋለሁ። እሱንም፣ እሷንም፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።