ሳይሞላ ስለሚነሳው መኪና

ሞርጋንታውን፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እዚያ ሹፌር የሌለው ታክሲ አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?» ስትለኝ ኔትወርኩ ተቆርጦ ሳልመልስልህ ቀረሁ። አለ። ግን አዲስ ነገር እንዳይመስልህ፤ የዚህ ከተማው ሥራ የጀመረው በ1968 ዓ.ም. ነው፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ በዓመቱ። መኪኖቹን የሠራቸውም አውሮፕላን ሠሪው ቦይንግ ነው።

ከተማዋ በተራራና በወንዝ መካከል የተጣበቀች ናት፤ ደሴ በጦሳና በአዝዋ መሐል እንደተሸጎጠችው በላት። ዩኒቨርሲቲው ግቢው የተራራቀ ስለሆነ ተማሪው በጠባብ መንገድ ሲመላለስ ትራፊኩ መላወሻ አሳጣ። ከአስፋልቱ ተለይቶ የኮንክሪት መንገድ ተሠራ። በእሱ ላይ ትንንሽ መኪኖች በጎማ፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ፤ ስምንት ወንበር አላቸው፣ ሌላው ቆሞ ነው፣ ሃያ ሰው ያህል ይይዛሉ። በረዶ ሲወርድ መንገዱ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ትኩስ ፈሳሽ ለቀው ያቀልጡታል። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ለሚወርድ ሰው ይኼ ቅንጦት ነው!

አንተን ሹፌሩን የሚያስቀናህ ግን ሌላ ነው። ጣቢያ ገብተህ የምትሄድበትን ቁልፍ ትጫናለህ። ወደዚያው የሚሄድ አሥራ አምስት ሰው ከተጠራቀመ መኪናው ወዲያው ይመጣል። ካልተጠራቀመም አምስት ደቂቃ ያህል ቆጥሮ፣ ብቻህንም ብትሆን ይዞህ ይነሳል። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ደግሞ በፕሮግራም ይሠራል። ጣቢያዎቹ አምስት ናቸው፤ ከዋናው መስመር ገባ ብለው ስለተሠሩ አንዱ ሲያወርድ ሌላው አልፎት ይሄዳል። መንገድ ላይ «ወራጅ አለ» የለም። ረዳትም የለም፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስክሪን ላይ ያፈጠጡ ሠራተኞች ግን አሉ። ዘንቢል የሚያነሳልህ፣ «ያቺን እናት ጠብቋት» የሚልልህ አታገኝም። እሁድ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ኮምቦልቻ ስመላለስ «አንድ ሰው የቀረው!» እየተባለ መናኸሪያ ውስጥ ስንጉላላ ሹፌሩን ስንቱን እርግማን አወርድበት ነበር (አንተን አይደለም፣ አብሽር)። አሁን ሳስበው ነገሩ የባዶ ወንበር ሂሳብ ነው። ሳትሞላ ብትነሳ ናፍጣውን ማን ይከፍልልሃል? እዚህ የባዶውን ወንበር ዋጋ ዩኒቨርሲቲው ይችለዋል። ግንባታውም ከታሰበው በላይ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው የበላው፤ ስለዚህ መኪናውን ለደሴ አልመኝላትም።

ደንቡን ግን እመኛለሁ። ከቀትር በኋላ መንገደኛ ሲሳሳ፣ ማኅበራችሁ «ሞላም አልሞላም በዚህ ሰዓት ይነሳል» ብሎ ቢቆርጥና ከየቀኑ ገቢያችሁ ትንሽ ትንሽ አዋጥታችሁ ባዶ ለወጣው ብትክሱትስ? ተሳፋሪው ሰዓቱን ካመነ በባጃጅም በእግሩም መጥቶ ይጠብቃችኋል ብዬ አስባለሁ። ተራ አስከባሪዎቹ ይቃወማሉ፣ ይገባኛል። አንተ ግን ለሽማግሌዎቹ አንሳላቸው፤ ያሉትን በድምፅ ቅዳና ላክልኝ።

ለጎማ ያልኩህን ብር ልኬያለሁ። ለሌላ ነገር እንዳታውለው፤ የፊቶቹን ሳትቀይር ሐረጎን አትውረድ። የእማዬን መድኃኒት የሚያደርስ ሰው አግኝቻለሁ፣ አዲስ አበባ ሲገባ ይደውልልሃል።

ዱዓችሁ አይለየኝ።

ታናሽ ወንድምህ