የሃራዳ ሁለት ከኢኖዌ አራት አያንስም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጃፓን ቦክስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናው እስኪፈላ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ናኦያ ኢኖዌ የተባለው ሁሉ ደግ ነው። ልጁ ይገባዋል። ያልተዋጠልኝ ከግርጌ ያለችው ሰንጠረዥ ነች። «የዓለም ሻምፒዮን፦ ኢኖዌ በአራት ክብደት፣ ፋይቲንግ ሃራዳ በሁለት» ብላችሁ አለፋችሁ። በዚህ አቆጣጠር የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጃፓናዊ ቡጢኛ ሃራዳ የኢኖዌ ግማሽ ሆኖ አረፈው።

እኔ በወጣትነቴ በ51 ኪሎ ተጋጥሜያለሁ። ስለ ኪሎ ሲወራ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ሚዛን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃ በጠርሙስ ክዳን እየለካሁ ነበር የምጠጣው። ከሹራቤ ስር ፕላስቲክ ለብሼ እሮጣለሁ። አንዴ ጥቂት ግራም አልወርድ ብሎኝ ፀጉሬን ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። (ፀጉር ስንት ግራም ይመዝናል ብሎ ማን ያስባል ያኔ!)

አሁን ወደ ሂሳቡ። ኢኖዌ ሻምፒዮን የሆነው በ49፣ በ52፣ በ53.5 እና በ55 ኪሎ ግድም ነው። ከእነዚህ ውስጥ በሃራዳ ዘመን የነበረው 53.5 ብቻ ነው። የ49ኙ ምድብ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የ55ቱ በ1976፣ የ52ቱ በ1980 መጡ። ሃራዳ ጓንቱን የሰቀለው በ1970 ነው። በሌለ ሚዛን እንዴት ይጋጠም? በእሱ ጊዜ ከ50.8 ቀጥሎ 53.5፣ ከዚያ ቀጥሎ 57 ነው። መሃል ላይ ማረፊያ የለም። ቀበቶውም እንደ ዛሬው ለአራት ድርጅት አልተከፋፈለም፤ ሁለቱን ሲወስድ በየክብደቱ ብቸኛው ሻምፒዮን እሱ ነበር።

የመጀመሪያውን፣ የ50.8ቱን፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 10 ቀን 1962 ቶኪዮ ላይ ነው። ዕድሜው 19፣ ደረጃው 10ኛ። እንዲጋጠም የታሰበው ሌላ ጃፓናዊ በድንገት ቦክስ ስላቆመ ነው እሱ የገባው። የታይላንዱን ፖን ኪንግፔችን ጥግ አስይዞ በ11ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ልክ በሁለት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ አበበ ቢቂላ ሁለተኛ ወርቁን ያገኘበት ኦሎምፒክ ተከፈተ። ለእኛ ቶኪዮ ማለት አበበ ስለሆነ ቀኑን አልረሳውም። ሃራዳ ግን ቀበቶውን ብዙ አልቆየበትም። በጥር 1963 ባንኮክ ሄዶ ለዚያው ለኪንግፔች በነጥብ አስረከበና ክብደት ጨመረ።

ከዚያ ኤደር ጆፍሬ መጣ። የ53.5 ኪሎ ሻምፒዮን የነበረው ይህ ብራዚላዊ 50 ግጥሚያ አድርጎ አልተሸነፈም ነበር። በግንቦት 1965 ናጎያ ላይ ሃራዳ በነጥብ አሸንፎ ሁለተኛውን ቀበቶ ወሰደበት፤ ዳኞቹ ግን ተከፋፍለው ነበር። በዓመቱ ቶኪዮ ላይ ደገመው። የዚያን ቀን የቴሌቪዥን ተመልካች 63.7 በመቶ ደርሷል። ጆፍሬ 78 ጊዜ ተጋጥሞ የተሸነፈው ሁለቴ ነው። ሁለቱንም በሃራዳ! ኋላ ጆፍሬ በ57 ኪሎም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ያለቀለት ሰው እንዳይመስላችሁ።

በየካቲት 1968 ደግሞ የመሸነፍ ተራው ለሃራዳ ደረሰ። ሊዮኔል ሮዝ የሚባል የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ ቶኪዮ መጥቶ ቀበቶውን በነጥብ ወሰደበት። ሮዝም 19 ዓመቱ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሲድኒው ነው። ሐምሌ 1969፣ በ57 ኪሎ፣ ከአውስትራሊያዊው ሻምፒዮን ከጆኒ ፋሜሾን ጋር። ሃራዳ ሦስት ጊዜ ጣለው። ዳኛው የቀድሞው ሻምፒዮን ዊሊ ፔፕ ነው። ብቻውን ነው የሚዳኘው። ሲያልቅ እኩል ነው ብሎ የሁለቱንም እጅ አነሳ። ቆይቶ ወረቀቱ እንደገና ሲደመር ፋሜሾን በአንድ ነጥብ በልጦ ተገኘ። አገሬው እንኳ ለራሱ ልጅ ሳያዳላ በጩኸት ተቃወመ። የእህቴ ልጅ በስልኩ ከፍቶ ሲያሳየኝ «ጋሼ፣ የሚጥለው ሰውዬ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» አለኝ። ምን ልበለው? ሁለተኛውን ግጥሚያ አላሳየሁትም። በጥር 1970 ቶኪዮ ላይ ፋሜሾን በ14ኛው ዙር ሃራዳን ዘርሮታል፣ የመጨረሻውም እሱ ሆነ።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ ሰንጠረዧን በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ። ከ«ሁለት» አጠገብ በዘመኑ የነበሩትን ምድቦች ጻፉ። ቦታ ከተረፈ የሲድኒዋን አንድ ነጥብም አስገቧት።

የቀድሞ የ51 ኪሎ ቡጢኛ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ