ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፦ የልጆቻችንን ድምፅ ስለሚሰሙ መጫወቻዎች

ለተከበረው መሥሪያ ቤት፣

ለስድስት ዓመቷ ልጄ አክስቷ ከአሜሪካ ስትመጣ የሚያወራ ትንሽ ሮቦት ይዛላት መጣች። ዋይፋይ አገናኘንላት፤ ስሟን ጠየቃት፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማታ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። «ለማንም እንዳትናገር፣ እሺ?» ትለዋለች። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ እንደመታቻት ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሱ እየነገረችው ነበር።

ያን ሌሊት የዕቃውን ውል ከፍቼ አነበብኩ። ድምፅዋ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃ ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር እንደሚሄድ ይናገራል። ምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደሚቆይ ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኬይላ የተባለችውን ተናጋሪ አሻንጉሊት ያገደው የቴሌኮም ተቆጣጣሪው፣ የእናንተው አቻ መሥሪያ ቤት ነው። አሻንጉሊቷ በብሉቱዝ ስትገናኝ የይለፍ ቃል አትጠይቅም ነበር። ስለዚህ ከግድግዳው ማዶ ያለ ሰው እንኳ በስልኩ ገብቶ ልጁን መስማትና ማናገር ይችላል። ተቆጣጣሪው የድብቅ ማዳመጫ ናት ብሎ ፈረጃት፤ ወላጆችም ከቤታቸው እንዲያስወግዷት ጠየቀ። በዚያው ዓመት ክላውድፔትስ ከሚባሉ አሻንጉሊቶች ጋር የተያያዘ ከ800,000 በላይ የደንበኞች አካውንትና ከ2 ሚሊዮን በላይ የወላጅና የልጅ የድምፅ መልእክት ያለ ጥበቃ ኢንተርኔት ላይ ተጋልጦ ተገኘ።

ከዚህም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የሞክሲ ነገር ነው። ሞክሲ ከ5 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ጓደኛ እንድትሆን የተሠራች፣ በ799 ዶላር የተሸጠች ሮቦት ናት። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኩባንያዋ ገንዘብ አጥሮት እንደሚዘጋ አስታወቀ። የምታወራው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ስለነበር፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ እሷም ዝም ልትል ነበር። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚነግሩ የሚያግዝ ደብዳቤ ተዘጋጀላቸው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። የኩባንያ መክሰር ለአምስት ዓመት ልጅ መርዶ ሲሆንበት ማን ይሰበሰብለታል?

ሮቦት ሁሉ ይከልከል አልልም። በእንግሊዝ ሄርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ካስፓር ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ከሰው ጋር መግባባት ያለማምዳል፤ አዋቂ ከጎናቸው ሆኖ ግን ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን እንድታስፈጽሙ ኃላፊነት የተሰጣችሁ እናንተ ናችሁ። የሬዲዮ ሞገድ የሚጠቀሙ ዕቃዎችን የምትፈትሹትም እናንተው ናችሁ። ማይክሮፎንና ዋይፋይ ያለው መጫወቻም እንደ ስልክ ይፈተሽ። ካርቶኑ ላይ «ይህ ዕቃ ይሰማል» የሚል ጽሑፍ ልጁ በሚያድግበት ቋንቋ ይጻፍ። ሻጩ የልጁ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ፣ ኩባንያው ቢዘጋም ምን እንደሚሆን ሳይናገር አይሽጥ። በሻንጣ የሚገባውን ሁሉ መፈተሽ እንደማይቻል አውቃለሁ። ለዚያ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለወላጆች ንገሩልን፤ እኔም አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ያን ዕቃ መኝታ ቤቷ አላስገባም ነበር።

ሮቦቱ አሁን ጠፍቶ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። ልጄ መቼ እንደሚነቃ በየማታው ትጠይቀኛለች። ምላሻችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ